«አስተካክል» ሲባል የትኛውን ላዙር?

ጥያቄ፦ የመልቲሜትር (ቮልቴጅና የመሳሰሉትን የሚለካ መሣሪያ) እና የኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሴት (set) አድርግ»፣ «አድጀስት አድርግ»፣ «ካሊብሬት አድርግ» የሚለውን ሁሉ «አስተካክል» ብዬ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ላይ ብቻ 6 ጊዜ ገባ። ባልደረባዬ አንብቦ «ታዲያ የትኛውን ላዙር?» አለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነቱን ነው። «አስተካከለ» እሺ ባይ ቃል ነው፤ በጠሩት ቦታ ሁሉ ይገኛል። ፀጉር ይስተካከላል፣ አልጋ ይስተካከላል፣ የተበላሸ ሬዲዮም ይስተካከላል። ለወሬ ይመቻል። መሣሪያ ይዞ ለቆመ ሰው ግን ግራ ያጋባል፤ «መልቲሜትሩን አስተካክል» ሲባል ሬንጅ (የመለኪያ ወሰን) ይምረጥ ወይስ ክዳኑን ፈትቶ ብሎን ያዙር?

ሥሩን እንየው። «ልጁ በቁመት አባቱን አከለ» እንላለን። «ተካከለ» ሲሆን እርስ በርሱ እኩል ሆነ፤ «አስተካከለ» ሲሆን እኩል አደረገ። ስለዚህ ቃሉን በመመሪያ ውስጥ ሲያገኙት «ከምን ጋር?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካጣ ቦታው አይደለም።

አሁን የመልቲሜትሩን ማዞሪያ ያስቡት። ስክሪኑ ከ0 እስከ 1999 የሚቆጥር ተራ ዲጂታል መልቲሜትር ነው፤ የሚለካው 12 ቮልት ባትሪ። 20 ላይ ሲያደርጉት 12.34 ያሳያል። 200 ላይ 12.3 ብቻ። 2 ላይ ካደረጉት በግራ ጥግ «1» ብቻዋን ትቆማለች፤ ከአቅሜ በላይ ነው ማለቱ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ምንም ነገር ከምንም ጋር አልተካከለም። መሣሪያው ያው ነው፣ ባትሪውም ያው ነው፤ የተቀየረው የእርስዎ ምርጫ ነው። ባለሙያው በአፉ የሚለውም «20 ላይ አድርገው» ነው። እርስዎም «ማዞሪያውን 20 ቮልት ላይ ያድርጉት» ብለው ይጻፉ። ከዝርዝር ከሆነ «ይምረጡ»፣ ቁጥር መጻፍ ከሆነ «ያስገቡ»።

የምርጫዎቹን ድምር «ቅንብር» ይበሉት። ስልኮች አስለምደውናል፣ ሙዚቃም ቀድሞ ያውቀዋል። «ቅንብሩን ያስቀምጡ» ቢሉ ማንም አይሳሳትም።

«ማስተካከል» እውነተኛ ቦታውን የሚያገኘው ኦሲሎስኮፑ ላይ ነው። ባለ 10 እጥፍ ፕሮብ (ቮልቴጁን ለ10 አካፍሎ ወደ መሣሪያው የሚያደርስ የመለኪያ ገመድ) ሲሰኩ መጀመሪያ ከመሣሪያው የራሱ ካሬ ሞገድ ጋር ያገናኙታል። የሞገዱ ጥግ ሾሎ ቢወጣ ወይም ዶልዶም ቢል ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ጥጉ ቀጥ እስኪል ያዞራሉ። ይህ «አስተካክል» ነው፤ «ከምን ጋር?» ሲባል መልስ አለው። እዚያው ሜኑ ውስጥ ግን «10 እጥፍ» የሚለውን መምረጥ ነው እንጂ ማስተካከል አይደለም። 1 እጥፍ ላይ ከተረሳ 5 ቮልቱ 0.5 ሆኖ ይነበባል።

ካሊብሬሽን ደግሞ ሌላ ነው። ብዙዎች ብሎን ማዞር ይመስላቸዋል። ዋናው ሥራ ግን ንባቡን ከታወቀ መመዘኛ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን መመዝገብ ነው፤ ብሎን ማዞሩ፣ ካስፈለገ፣ በኋላ ይመጣል። ለዚህ እኔ «ማመሳከር» የሚለውን እወደዋለሁ። ከ«መሰከረ» ነው የመጣው፤ ሁለት ምስክር አቁሞ ቃላቸው ይገጥም እንደሆነ ማየት። ደረቅ መስሎ ከታየዎት «ካሊብሬሽን»ን እንዳለ ይተዉት፤ ባለሙያው ቃሉን ያውቀዋል።

ሬንጅን «ክልል» አይበሉት፤ ጆሮ ወደ አስተዳደር ይሄዳል። «የመለኪያ ወሰን» ወይም በቀጥታ «ሬንጅ» ይበቃል።

«ሴት አድርግ»ን ግን እንዳለ በፊደል እንዳያስገቡት አደራ። ሲናገሩት ያልፋል። ወረቀት ላይ ሲሰፍር «ቮልቴጁን ሴት ያድርጉት» ይሆናል፤ ባልደረባዎ ያኔ የሚጠይቅዎትን እኔ አልመልስም።