ሃምሳ አለቃን ሐኪም ቤት ስትወስዱ

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም መንገድ ላይ አስቁማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «አባቴ ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ መጠጥ አብዝቷል፣ ምን ላድርግ?» አንዳንዶቻችሁ አጎታችሁን፣ አንዳንዶቻችሁ ጎረቤታችሁን ታነሳላችሁ። በ1983 የተበተነው ሠራዊት አባል የነበሩ ሽማግሌዎች አሉ። ከባድመ የተመለሱ አሉ። ከሰሜኑ ጦርነት የመጡት ደግሞ ብዙዎቹ በዕድሜ ከናንተ እምብዛም አይበልጡም። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነውና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ወሬውን ከመጠጥ አትጀምሩ። ስለ እንቅልፍ ጠይቁ። ወታደር «ሰካራም» ሲሉት ይቆጣል፤ «ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» ሲሉት ያወራል። ብዙዎቹ የሚጠጡት ዓይናቸውን ሲከድኑ የሚመጣባቸውን ነገር ለማባረር ነው። አረቄው ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ይቀሰቅሳል። ቅዠቱም ይብሳል። በማግስቱ መጠኑ ይጨምራል። ይህን ከራሱ አፍ ከሰማችሁ «ለእንቅልፉ ሐኪም እናማክር» ማለት ትችላላችሁ። ማታለል አይደለም፤ ሐኪሙም ስለ እንቅልፉ መጠየቁ አይቀርም። ስትጠሩት በማዕረጉ ጥሩት። (በፌዝ ግን አይሁን። በየሰፈሩ ማዕረጉ ማላገጫ የሆነበት ሰው ብዙ ነው።)

የጅማ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እኛ ጋ መጠጥ ብቻውን አይመጣም። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ስለ ጫቱ ካልጠየቃችሁ ስለ መጠጡ የምታገኙት መልስ ጎዶሎ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ሰውየው የሚጠጣው ተደብቆ ነው፤ ሄርማታ ሰፈር እየኖረ ሌላ ሰፈር፣ ቦሳ ድረስ ሄዶ ይጠጣል። ሰው ፊት ካነሳችሁበት ሁለተኛ አያናግራችሁም።

የጤና ተማሪዎች «ኦዲት» የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት የአልኮል አጠጣጥ መመዘኛ ታውቁታላችሁ። አሥር ጥያቄ ነው፣ ከ40 ይያዛል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ያሰጋል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን መመዘኛው «አንድ መጠጥ» ሲል 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ማለቱ ነው። የኛ ሰው ደግሞ የሚቆጥረው በመለኪያ ነው። ቢራ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ቢኖረው፣ ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። «በቀን ስንት ይጠጣሉ?» ስትሉት «ሁለት» ይላችኋል። ሁለት ምን? መለኪያ ወይስ ጠርሙስ? የሚጠጡበትን ያሳዩኝ በሉት።

በጣም የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ዘመድ ተሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ በቃህ» ይልና በር ይቆልፍበታል። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንዴ ሲያቆም ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ያለበትን ቦታ ሊስት ይችላል። ወታደር ከሆነ ቤተሰቡ «ጦርነቱ ትዝ ብሎት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ጸበል ይወስደዋል። ጸበሉን አልቃወምም፣ በኋላ ይደርሳል። እንዲህ የሆነ ሰው ግን በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት መግባት አለበት። እዚያ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል፤ ዳያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒትም ተጀምሮለት መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ይወጣል። ከሊሙና ከጌራ የሚመጣ ታማሚ ማደሪያ ዘመድ ሲፈልግ እናንተ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል በባጃጅ ትደርሳላችሁ።

ባጃጁ ውስጥ ግን አብራችሁት ግቡ። ሪፈር ይዞ ብቻውን የተላከ ሰው በመንገዱ ላይ ስንት አረቄ ቤት እንደሚያልፍ አስቡ። ካርድ ክፍል ወረፋ አለ። ወታደር ሰልፍ ለምዷል ትሉ ይሆናል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው እያየው ግን አይቆምም። ተሰለፉለት። ከተገኘ ደግሞ አብሮት የዘመተና መጠጥ የተወ ሰው ፈልጉ። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ከምመክረው ይልቅ የዚያን ሰው «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» ይሰማል።

ሰው የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ነው። የጡረታ ብር በሚወጣበት ሳምንት ቀጠሮ ባይያዝ ይሻላል፤ ከተያዘም ያን ቀን አብራችሁት ዋሉ። መልሶ ቢጠጣ «ድሮም አትድንም» አትበሉት፣ ወደ ሐኪሙ መልሱት እንጂ። ተማሪዎች ደግሞ ካርዱ ላይ የሱን ስልክ ብቻ አትጻፉ፤ ሸጦት ሊሆን ይችላል። ከፈቀደ የሚስቱን ወይም የጓደኛውን ቁጥር ጨምሩና ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ።