የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣው ዜማ ደራሲ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ከሥራ መልስ የዘፈን ግጥም እጽፋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን «ጊዜው አልፎብሃል» ይሉኛል። በቅርቡ ከደሴ ስመለስ፣ ሐረጎን ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» የተባለ ዘፈን ተከፍቶ ነበር። ቋንቋው ባይገባኝም ዜማው ባቲ ባቲ አለኝ። ሾፌሩ «ዘፋኙ እንዳንተው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር» አለኝ። እውነት ነው? በኋላስ ለምን ዝም አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሾፌሩ የነገሩዎት እውነት ነው። የዘፈኑ ባለቤት ቢል ዊዘርስ እ.ኤ.አ. በ1938 (ቀጥሎ ያሉት የሕይወቱ ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ስላብ ፎርክ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር፤ አባቱን በ13 ዓመቱ አጣ፤ ባሕር ኃይል ገብቶም 9 ዓመት አገለገለ። በ1967 ሎስ አንጀለስ ከገባ በኋላ የአውሮፕላን መጸዳጃ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ በርካሽ የገዛውን ጊታር ራሱን በራሱ እያስተማረ ዜማ ይደርስ ጀመር። የመጀመሪያ አልበሙ በ1971 ሲወጣ 33 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሸክላው ሽፋን ላይ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ የቆመው ፎቶግራፍ የተነሣው እዚያው በሚሠራበት ፋብሪካ፣ በምሳ ሰዓት ነው።

እርስዎ የሰሙት ዘፈን ከዚያ አልበም የተገኘ ነው። መሐል ላይ «አይ ኖው» የሚለው ሐረግ 26 ጊዜ ይደጋገማል፤ ትርጉሙም «አውቃለሁ» ማለት ነው። ዊዘርስ ቦታውን በሌላ ስንኝ ሊሞላው አስቦ ነበር፤ ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩት ልምድ ያላቸው ሙዚቀኞች ግን እንዳለ እንዲተወው መከሩት፤ እሱም ሰማቸው። ያ ድግግሞሽ የሚወደው ሰው የሄደበትን ሰው ንግግር ይመስላል፤ ሌላ ቃል አይገኝለትምና ያችኑ አንዷን ይዞ ይመላለሳል። በእኔ እምነት ከብዙ ያጌጡ ስንኞች ይልቃል።

ባቲ ባቲ ማለቱም የጆሮዎ ስሕተት አይደለም። ብሉዝ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚመሠረትበት ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ስኬል (የድምፆች መሰላል) እና እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት፣ በድምፆቻቸው መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው፤ የዚህ ዘፈን ሥርም ብሉዝ ነው። ይህን ስል አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለቴ አይደለም፤ በባቲ አፋፍ ያደገ ጆሮ ባሕር ማዶ ያለ ዘመዱን ቢለይ አይደንቅም ለማለት ነው።

በ1972 በአሜሪካ የአንደኝነት ደረጃ የያዘለት «ሊን ኦን ሚ» («ተደገፈኝ») የተወለደው ደግሞ በኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ ጣቶቹን አንድም ቁልፍ ሳይዘል ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልስ ነው። ግጥሙ ሰው ለሰው መደገፊያ የሚሆንበትን የስላብ ፎርክን ጉርብትና የሚያስታውስ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመድነው ለእኛ እንዲህ ያለ ግልጽ ግጥም መጀመሪያ ላይ ባዶ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ትርጓሜ የሚገባ ስንኝ መጻፍ ራሱን የቻለ ከባድ ሙያ ነው።

ዝም ያለው ጉልበት አንሶት ሳይሆን፣ የሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊዎች «እንዲህ ብለህ ዝፈን» ማለታቸው ስላንገሸገሸው ነው። ከ1985ቱ አልበሙ በኋላ ወደ ቤቱ ገባ። ዘፈኖቹ ግን አልገቡም፤ በ1987 ክለብ ኑቮ የተባለ ቡድን «ሊን ኦን ሚ»ን እንደገና ለአንደኝነት አበቃው። የግጥሙና የዜማው ደራሲ ራሱ በመሆኑም ሌሎች በዘፈኑት ቁጥር ድርሻው ይደርሰው ነበር። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ስለሚጠብቅ፣ ግጥምዎን ለዘፋኝ ሲሰጡ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ዊዘርስ ያረፈው በመጋቢት 2020፣ በ81 ዓመቱ ነው፤ በዚያው ሰሞን በኮሮና ምክንያት ቤት የተዘጋባቸው ሰዎች ይህንኑ «ሊን ኦን ሚ»ን ለሐኪሞች ይዘምሩ ነበር።

ዕድሜን በተመለከተ፣ እሱ 34 ዓመት ሲሞላው ገና ሁለት አልበም ብቻ ነበረው። ሥራውን ለማድመጥ ከፈለጉ በ1972 በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ከተቀረፀው የመድረክ ዝግጅት ይጀምሩ፤ ስለ አያቱ እጆች ከመዝፈኑ በፊት ስለ እሷ ሲያወራ፣ አድማጩ ሲስቅ፣ ከዚያም ጊታሩ ቀስ ብሎ ሲገባ ይሰማሉ።