የተቀላቀሉ ፖሊመሮች ሲቀዘቅዙ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ፣ ሞለኪውሎቹ ረጃጅም ሰንሰለት የሆኑ ቁስ) ቅልቅሎች ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ የተወሰኑትን እነሆ።

ፖሊኢታይሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ናቸው። አብረው ቀልጠው ለምን አይዋሃዱም?

ሰንሰለቶቻቸው በጣም ስለሚረዝሙ ነው። አጫጭር ሞለኪውሎችን እንዲደባለቁ የሚገፋው ኢንትሮፒ (ነገሮች ወደ መበታተን ያላቸው ዝንባሌ) እዚህ ኢምንት ነው። ስለዚህ ትንሽ አለመጣጣም ለመለያየት ይበቃል። በብዛት ያነሰው በሌላው ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ከተለያዩ እያንዳንዱ ለብቻው እንዳለ ሆኖ ክሪስታል (ሰንሰለቶቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር) ይሠራል ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሚቀልጡበት ሙቀት እምብዛም አይለወጥም። ክሪስታል የሚጀምሩበት ሙቀት ግን በጣም ሊወርድ ይችላል።

ክሪስታል አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከባዕድ ቅንጣት ላይ ነው፤ ፖሊመሩ ሲመረት ከተጠቀሙበት ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥ አፋጣኝ) ቅሪት ወይም ከአቧራ። ንጹህ ፖሊፕሮፒሊን ውስጥ አንዱ ቅንጣት ላይ የተነሳው እየሰፋ ዙሪያውን ያዳርሳል። ይህ የሚሆነው 110 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። አሁን ያንኑ ፖሊፕሮፒሊን ፖሊስታይሪን ውስጥ በጣም ደቃቅ አድርጋችሁ በትኑት። የጠብታዎቹ ቁጥር ከቅንጣቶቹ ይበልጣል። ቅንጣት የደረሰው ጠብታ እንደወትሮው ይጠነክራል። ያልደረሰው ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል፤ ክሪስታል ከጠብታ ወደ ጠብታ አይሻገርማ! አንዳንዱ እስከ 40ዎቹ ዲግሪ ድረስ ሳይጠነክር ይወርዳል። ለእኔ ከዚህ ሙያ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ ኬሚስትሪው ሳይነካ የጠብታው መጠን ብቻ ይህን ያህል ያመጣል።

ቅልቅላችንን ዲኤስሲ (ናሙና ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ የሚወስደውንና የሚለቀውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ) ላይ ስናቀዘቅዘው፣ ክሪስታል ሲሠራ በግራፉ ላይ የሚታየው አንድ የነበረው ጉብታ ሦስት ሆነ። ናሙናው ቆሽሾ ነው ተባልኩ።

እህቴ፣ ናሙናውን ከመጣልሽ በፊት ጠብታዎቹን በማይክሮስኮፕ እዪ። ደቃቅ ከሆኑ ጉብታውን የከፋፈለው የቅንጣቶቹ ቁጥር ከጠብታዎቹ ማነሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጠብታ ለሚሆነው ፖሊመር ክሪስታል አስጀማሪ፣ ለምሳሌ ሶዲየም ቤንዞኤት፣ ጨምሪበትና ድገሚው። ታች ያሉት ጉብታዎች ጠፍተው ላይኛው ካደገ ነገሩ ተረጋገጠ።

ሙሉ በሙሉ የሚዋሃዱትስ?

ፒቪዲኤፍና ፒኤምኤምኤ (አክሪሊክ) የተባሉትን ሁለት ፕላስቲኮች ውሰዱ። ጠብታ የለም፤ ግን ክሪስታል የማይሠራው ፒኤምኤምኤ በፒቪዲኤፍ ሰንሰለቶች መሃል ገብቶ ክሪስታል መሥራቱን ያዘገየዋል። የፒቪዲኤፍ መቅለጫ ሙቀትም ዝቅ ይላል።

ኮምፓቲብላይዘር (የማይዋሃዱ ፖሊመሮችን የሚያያይዝ ጭማሪ) ብጨምር ይስተካከላል?

ጥንካሬው ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ እኔም እመክራለሁ። ግን ጠብታዎቹን ይበልጥ ስለሚያደቅ፣ ክሪስታል የሚጀምርበትን ሙቀት ጭራሽ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ እስኪጠነክር ሻጋታው ውስጥ የምታቆዩበትን ጊዜ እንደገና ለኩ።