«ፋይሉ የለም» ለተባልሽው እህት፦ እንቢታውን በወረቀት ተቀበዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አባትሽ ጡረታ ሊወጡ ነው። ድሮ የሠሩበት መሥሪያ ቤት ታጥፎ ከሌላ ጋር ተቀላቅሏል። አዲሱ ደግሞ «ፋይላቸው እኛ ጋ የለም» እያለ ያመላልስሻል። እንባ ጠባቂ (በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ አቤቱታ የሚቀበለው ተቋም) ልሂድ ወይስ ጠበቃ ላቁም ብለሻል። ከላይ «ሰው ፈልጊ» ብለው የመለሱልሽን እርሻቸው። እኔ በእናቴ ጉዳይ ይሄንኑ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄበታለሁ። ሰው አልነበረኝም፣ ግን ጨርሻለሁ።

መልሴ፦ አሁን ሁለቱም ጋ አትሂጂ። እንባ ጠባቂም ሂጂ፣ ፍርድ ቤትም ሂጂ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው። «መሥሪያ ቤቱ ምን ብሎ መለሰልሽ? ደብዳቤው የታለ?» በአፍ የተነገረሽን «የለም» ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርልሽም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ እንቢታውን ከአፋቸው አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። እነሱም ይሄን ስለሚያውቁ ነው በወረቀት የማይሰጡሽ።

በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1. ማመልከቻሽን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ለሰው እጅ አትስጪ። ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን ይቀበሉሻል፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም ይምቱልሽ። «እዚህ አስቀምጪው፣ እናየዋለን» የሚል ካለ ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማመልከቻ አልገባም ማለት ነው። ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል፤ ኃላፊ ደግሞ ሲቀያየር ነው የሚኖረው።

2. ማመልከቻው ላይ «ትብብር እንዲደረግልን» ብለሽ አትለምኚ። ትብብር የፈለገ ያደርጋል፣ ያልፈለገ ይተዋል። «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ያለው የአገልግሎት ማስረጃ ይሰጠን፤ የማይሰጥ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልን» ብለሽ ጻፊ። ከሥሩ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ጥቀሺ። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ብዙ ሠራተኛ አዋጁን አያውቀውም። ቁጥሩን ሲያይ ግን አለቃውን ለመጥራት ይነሳል። አንቺም የምትፈልጊው ያንን ነው።

3. ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ «የዜጎች ቻርተር» የሚባል ነገር አለ። በእናቴ ጉዳይ የሄድንበት ቢሮ የለጠፈው፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ በ40 ደቂቃ ይሰጣል ይላል። በደቂቃ! ፎቶ ላነሳ ስል ጥበቃው «ክልክል ነው» አለኝ። በእስክሪብቶ ገለበጥኩት። ቀጣዩ ማመልከቻዬ ላይም ያችኑ መስመር እንዳለች አስገባኋት።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ልተወውና እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ነገሩ ሁሉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው።

እናቴ በመንግሥት ሥራ 31 ዓመት አገልግላለች። የመጀመሪያዎቹ 11 ዓመታት ዛሬ በስሙ በማይገኝ መሥሪያ ቤት ነው ያለፉት። ጡረታዋ ሲደርስ ለእነዚያ ዓመታት ማስረጃ የለም ተባለ። «ምን አለበት፣ በ20ው ትውጣ» ያለኝ ሰው ነበር። ሒሳቡን ስላልሠራው ነው። የሲቪል ሠራተኛ የዕድሜ ጡረታ ለመጀመሪያው 10 ዓመት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ20 ዓመት ብትወጣ 42.5 በመቶ ታገኛለች። በ31 ግን 56.25 በመቶ። ልዩነቱ በየወሩ ነው፣ ያውም ዕድሜ ልኳን። ነገ አባቴ የሚያገኘው የተተኪ አበልም የሚሰላው ከዚያው ላይ ነው፣ ግማሹ። አንቺም የአባትሽን ቁጭ ብለሽ አስሊው። ቁጥሩን ስታዪው መታከት ይቀንስልሻል።

የሰው ሀብት ክፍሉ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ጆሮው ላይ ኢርፎን እንደሰካ ነው የሚያነጋግረው። እናቴ ቆማለች። ከጀርባው ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል። «እማማ፣ እሱ መሥሪያ ቤት እኮ ፈርሷል» አላት። «እኔ አልፈረስኩም» አለችው። ልጁ ሳቀ፣ ከዚያ «ለማንኛውም ነገ ብቅ በሉ» አለን። ነገ ሲስተም የለም። ከነገ ወዲያ ኃላፊዋ ስልጠና ላይ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ችግኝ ተከላ ወጥተዋል። ችግኙን አልጠላሁም። መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ቢቀር ግን ምን ነበረበት?

ኃላፊዋ ስትገኝ ደግሞ «መመሪያው አይፈቅድም» አለችን። እዚህ ጋ ነቃ በዪ። ያው 1183/2012 መመሪያ ካልተመዘገበና በድረ ገጽ ካልወጣ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። መዝገቡ ዛሬ ያለው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። «የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ወደ ሌላ ክፍል ገብታ ቆየች። ስትመለስ «የቃል መመሪያ ነው» አለችኝ። «እሱንም ይጻፉልኝ» አልኳት። ያኔ ነው «ልትከሰን ነው እንዴ?» ብላ የተቆጣችው። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። አንቺም እንዳታደርጊ። ከጮህሽ ጉዳዩ ተረስቶ ጠባይሽ ነው አጀንዳ የሚሆነው።

«የድሮው መሥሪያ ቤት ጉዳይ አይመለከተንም» ካሉሽም መልስ አለው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1097 ሚኒስቴሮች ወደ 20 ሲወርዱ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1263 እንደገና ተደራጅተው 22 ሲሆኑ፣ የታጠፈው መሥሪያ ቤት መብትና ግዴታ ወደ ተረካቢው እንደሚዞር ሕጉ ላይ ተጽፏል። ወንበሩን፣ መኪናውንና ሕንፃውን ሲረከቡ «አይመለከተንም» አላሉም። የሠራተኛው ማኅደር ላይ ሲደርስ ነው የማይመለከታቸው።

በመጨረሻ ወረቀቱ ወጣ። አንድ መስመር ነው፦ «የተጠቀሰው የግል ማኅደር በርክክብ ወቅት ያልደረሰን መሆኑን እንገልጻለን።» ቲተርና ማኅተም አለው። እናቴ አንብባ አለቀሰች፣ የተዘጋ መስሏት። እኔ ግን በውስጤ እልል አልኩ። እንቢታ እጄ ገባ!

ወዲያው ለዚያው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የርክክብ ሰነዱ ኮፒ እንዲሰጠን አመለከትን። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ 590/2000 ማንም ሰው የመንግሥት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ መልሱም ከ30 ቀን ማለፍ የለበትም። ሕዝብ ግንኙነቱ ጨዋ ሰው ነበር፣ አምላክ ይስጠው። ሰነዱ ሲመጣ የዕቃው ዝርዝር መሐል «የሠራተኞች የግል ማኅደር በካርቶን» የሚል ተራ አለ፣ የተረካቢው ፊርማም አለበት። አንዱ ደብዳቤ አልደረሰንም ይላል፣ ሌላው ደርሶናል ብሎ ፈርሟል።

እንባ ጠባቂ የሄድነው ያኔ ነው። እኔ እንደምመክርሽ ከሆነ አንቺም ከዚያ በፊት አትሂጂ። አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም፣ በቃልም ይቀበላሉ። አንቺም በአባትሽ ስም ማቅረብ ትችያለሽ፣ ሕጉ ለቤተሰብ ይፈቅዳል። ክፍለ ሀገር ከሆንሽ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለብሽም፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ቅርንጫፍ አላቸው። በባዶ እጅ ከሄድሽ ግን «መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ቅሬታ ሰሚ ጠይቂ» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ቅሬታ ሰሚው የዚያው የኃላፊዋ የሥራ ባልደረባ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ግቢና በቁጥርና በቀን አስገብተሽ ውጪ። ደጃፉን መርገጥሽ ኋላ ይጠቅምሻል።

አሁን ጠበቃ ላቁም ወይ ላልሽው። ገንዘብ የሚበላው ስህተት እዚህ ነው ያለው። የሥራ ባልደረባዬ አባት ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው ተናደዱና በቀጥታ ከሰሱ። ለጠበቃው ከቁጠባቸው አውጥተው ከፈሉ። አዋጅ 1183/2012 ግን ሰው መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ አቤቱታ እንዲጨርስ ይፈልጋል፣ የአስተዳደር ውሳኔን የሚከልሰውም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የእሳቸው ክስ የውስጡን መንገድ አልጨረስክም ተብሎ ተመለሰ። ክሱ ገና ሳይመለስ እንባ ጠባቂ ቢሄዱ ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ተይዟል ተባሉ። በየትኛውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ተቋሙ አያይም፣ ማቋቋሚያ አዋጁ ላይ አለ። ሰውየው በሁለት በር መሐል ቆመው ቀሩ። ገንዘቡም አልተመለሰም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ። ግን ፍርድ ቤትም የጊዜ ገደብ አለው፤ የጽሑፍ መልስ የደረሰሽን ቀን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፊና ጠበቃ ቀኑን አስቆጥሪ። ለማስቆጠር ብዙ አያስከፍልም። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በሚሰጠው ውሳኔ ካልተስማማሽ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፣ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ።

እንባ ጠባቂ ዱላ የለውም የሚሉሽ አልዋሹም። የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም። ግን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በሪፖርቱ ላይ ስሙ እንዲነሳ የሚፈልግ ኃላፊ የለም። ለእኛ ሁለቱን የሚቃረኑ ወረቀቶች አባሪ አድርገው ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ያ «አልደረሰንም» የተባለው ማኅደር ግቢው ውስጥ ካለ ኮንቴይነር ወጣ። የዝናብ ውኃ ዳር ዳሩን አቡክቶታል፣ ክሩ ግን አልተፈታም።

ባይገኝስ ኖሮ? ለዚያም ተዘጋጅቼ ነበር፣ ይሄ የራሴ ዘዴ ስለሆነ ትንሽ ልኩራበት። አባትሽ ቤት ያላቸውን የድሮ ደብዳቤ ሁሉ አውጪ። የቅጥር፣ የዕድገት፣ የዝውውር። ከታች «ግልባጭ» የሚለውን እዪ። ለፋይናንስ፣ ለሲቪል ሰርቪስ፣ ለቅርንጫፉ ይላል። ማኅደሩ ቢጠፋ እንኳ ግልባጩ እነዚያ ቢሮዎች ፋይል ውስጥ ሊኖር ይችላል። የእናቴን የደመወዝ መክፈያ ፔሮሎች ከፋይናንስ ክፍሉ ያገኘሁት እንዲህ ነው። የጡረታ መዋጮዋ በየወሩ ሲቆረጥ ያሳያል። ተቆርጦባት ስታበቃ አልሠራሽም ሊሏት አይችሉም።

አንድ ቀረኝ። ደብዳቤው ሲሰጥሽ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ ስሙን ፊደል በፊደል ከፋይዳ መታወቂያቸው ጋር አመሳክሪ። የእናቴን የአያት ስም «ገ/» ብለው አሳጥረው ጻፉት፣ ፋይዳዋ ላይ ሙሉው ነው ያለው። ባንክ አልቀበልም ብሎ መልሶን እዚያው መስኮት ሄድን። ልጁ አሁንም ኢርፎኑን አላወለቀም። ደብዳቤውን ግን ያኔውኑ ቀይሮ ሰጠን፣ የሚያውቀን ሆኗል መሰለኝ። የጽሑፍ መልሱን ከሰጡሽ በኋላ ምን እንደሚል እዚህ ጻፊልኝና ለእንባ ጠባቂ የሚሆነውን አቤቱታ አብረን እናየዋለን።