እናትን ይዞ ከፍራንክፈርት በባቡር መዞር፣ የቱ ቲኬት ይሻላል?

ሰላም እህቴ፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ ለ3 ሳምንት ሊመጡልሽ ነው፣ ከፍራንክፈርት ተነስታችሁ ኮሎኝ፣ ሙኒክና በርሊን ልታዞሪያቸው ፈልገሽ ዶችላንድ ቲኬት (የጀርመን የወር የባቡርና አውቶብስ ቲኬት) ይበቃል ወይስ አይሲኢ (ፈጣኑ የሩቅ መንገድ ባቡር) ይሻላል ብለሻል። እኔም እናቴ በመጣች ጊዜ ይሄንኑ ስለሞከርኩት ያየሁትን ልንገርሽ፣ ሁለቱንም ነው የምትፈልጊው።

ዶችላንድ ቲኬት በሜይ 2023 ሲጀምር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2026 በወር 63 ገብቷል፣ ግን ሬጂዮናሉንም (በየከተማው የሚቆመውን ቀርፋፋ ባቡር) ኤስ ባኑንም (የከተማና የዙሪያዋን ባቡር) ትራሙንም የከተማ አውቶብሱንም ስለሚይዝ ያዋጣል። አይሲኢ ላይ አይሰራም! ሌላው፣ ወሩ ከ1ኛው ቀን ነው የሚቆጠረው፣ እናትሽ ወሩ አጋማሽ ላይ ከመጡ የሁለት ወር ልትከፍይ ነው፣ ደግሞም እስከ 10ኛው ቀን ካላቋረጥሽው ወደሚቀጥለው ወር ይሄዳል። ቲኬቱ በስማቸው ስለሚሆን ፓስፖርታቸው ከቦርሳቸው አይጥፋ።

ለኮሎኝ እባክሽ አይሲኢ አትያዢ። በአንድ ሰዓት ምናምን ያደርሳል ግን ዋሻ ለዋሻ ነው፣ ምንም አያዩም። በማይንዝ በኮብሌንዝ አድርጎ በራይን ወንዝ ዳር የሚሄደውን ሬጂዮናል ያዙ፣ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ከማይንዝ በኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ወንዙ፣ የወይን ተክሉ፣ ተራራው ላይ ያሉት የድሮ ቤተመንግስቶች ሁሉ አይናችሁ ስር ናቸው። እናቴ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለሱ ጉዞ ነው። ኮሎኝ ስትደርሱ ደግሞ ካቴድራሉ ከባቡር ጣቢያው በር ላይ ነው፣ ብዙ አያስኬዳቸውም።

በርሊንና ሙኒክ ግን በአይሲኢ። በርሊን 4 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በሬጂዮናል ልሂድ ካልሽ ሶስት አራቴ እየቀየርሽ ቀኑ ያልቃል፣ ትልቅ ሰው ይዞ አይሆንም። ሽፓርፕራይሱን (ቅናሽ ቲኬቱን) ቀድመሽ ግዢ፣ እየቆየ ይወደዳል። መቀመጫ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ለሳቸው ስትይ ክፈዪው፣ ቆመው እንዳይሄዱ። ባቡሩ መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዛ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ፣ 60 ደቂቃ ከዘገየ የቲኬቱን 25 ፐርሰንት፣ 120 ከሆነ ግማሹን ይመልሱልሻል፣ ዝም ብለሽ አትተዪው ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ልብ በይ፣ መንገድ ላይ ለሁለት የሚከፈሉ ባቡሮች አሉ። እኔ ከኮብሌንዝ ወደ ዛርብሩክን ስሄድ ልጄን ይዤ ፎቁ ደስ ብሎኝ ባለ ፎቁ ጋ ገባሁ፣ ትሪየር ላይ ባቡሩ ተከፈለና እኛ ያለንበት ወደ ሉክሰምበርግ ይዞን ሄደ፣ መሽቷል፣ ልጄ ርቧታል፣ በጣም ነበር የደነገጥኩት። ከዛ ወዲህ ፌርማታ ላይ ያለውን ሰሌዳ ብቻ አላምንም፣ ፉርጎው በር አጠገብ የተፃፈውን መድረሻ አንብቤ ነው የምገባው።

የመመለሻቸው ቀን ከሌላ ከተማ በቀጥታ ኤርፖርት አትምጡ፣ ከዋዜማው ፍራንክፈርት እደሩ። ኤርፖርቱ ሁለት ባቡር ጣቢያ ነው ያለው፣ ከሀውፕትባንሆፍ (ከፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ) በኤስ ባን ስትሄዱ የምትወርዱት ሬጂዮናልባንሆፍ የሚባለው ላይ ነው፣ መንገዱ ሩብ ሰዓት እንኳን አይፈጅም፣ ሊፍትም አለ ለሻንጣው።