አዝማሪንና የታፔላ ሠዓሊን በሥራ ላይ ሳሉ ስለማንሣት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አዝማሪዎችንና የታፔላ ሠዓሊዎችን ሥራ ላይ እንዳሉ ፎቶ ሊያነሡ ሲሞክሩ ፊታቸውን እንደሚያዞሩብዎ ገልጸው፣ ረጅም ሌንስ ገዝቶ ከሩቅ ማንሣት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ረጅሙን ሌንስ አይግዙ። እኔ ሁለት ዓመት ያህል በዚያ መንገድ ሞክሬ ያገኘሁት ከባጃጅና ከአላፊ አግዳሚ ትከሻ መሀል የተሰረቀ ፊት እንጂ የሰው ሥራ አልነበረም።

የተውኩትም በአንድ አዝማሪ ምክንያት ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳነጣጥርበት አይቶኝ ኖሮ፣ መሲንቆውን ሳያቆም ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለ፦

አዳኝ የሆነማ ከሩቅ ያነጣጥራል፤
ወዳጅ የሆነማ ቀርቦ ሰላም ይላል።

ካሜራዬን አውርጄ ተሻገርኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። ያን ዕለት አንድም ፎቶ ሳላነሣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዋልኩ፤ ከአድማጮቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ምን እንደሚሆን ልብ ያልኩትም ያኔ ነው። ጆሮውን ወደ ሰጪው ያዘነብላል፣ ደጋኑ ይለሰልሳል፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ ከንፈሩም ስንኙን ያለ ድምፅ ይደግመዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ግጥሙን በዜማ ሲመልሰው ሰዉ በሳቅና በጭብጨባ ይቀበለዋል። ብዙዎቻችን የምናነሣው ሳቁን ነው፤ የአዝማሪው ሙያ ግን ጎልቶ የሚታየው ከሳቁ በፊት ባለችው በዚያች የማዳመጥ ቅጽበት ነው። ከመንገድ ማዶ የቆመ ሰው ደግሞ «ተቀበል» መባሉን እንኳ አይሰማም።

ስለዚህ 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃዎታል። የደጋኑን እንቅስቃሴ በስሱ ደብዘዝ አድርጎ ለማሳየት የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/30ኛ ሰከንድ አድርገው ይሞክሩ፤ እጁን አጥርቶ ለማስቀረት ደግሞ 1/250ኛ ሰከንድና ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። አዝማሪው ነጭ ጋቢ ከለበሰ ካሜራው በነጩ ተታሎ ፊቱን ያጨልምብዎታልና ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ይለኩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የቀትሩ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ ማታም ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ፣ ለስላሳውን ብርሃን ከፈለጉ ከአሥር ሰዓት አስቀድመው ቦታው ላይ ይገኙ።

የታፔላ ሠዓሊ ጠባዩ ሌላ ነው። በጠመኔ መስመር አስምሮ ፊደሉን በብሩሽ መሙላት ከጀመረ በኋላ ሊያናግሩት አይገባም፤ አንድ ጊዜ እጁ ከተናወጠ ሥራው ይበላሻል። «ያበርታዎ» ብለው ይቁሙና ብሩሹን ወደ ቀለም ቆርቆሮው ሲመልስ ያስፈቅዱ። በቀኝ እጁ የሚሠራ ከሆነ በግራው በኩል ይቁሙ፤ የብሩሹን ጫፍና ፊቱን አንድ ላይ የሚያገኙት ከዚያ ነው።

ንጋት ላይ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑትን ላሊበላዎች ግን እኔ አላነሣቸውም። ብዙዎቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ሳይነጋ የሚመጡት መታየት ስለማይፈልጉ ነውና ያንን ፍላጎታቸውን ማክበር ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፈቃድም ጠይቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተፈጸሙ ነገሮች ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም፣ እኔ ግን በዚያ ተከልዬ ያለ ፈቃድ አንሥቼ አላውቅም። ምስሉን ለማሳተም ወይም ለመሸጥ ካሰቡ ይህንኑ ለሰውየው በግልጽ ይንገሩት፤ ለማንሣት መፍቀዱ ለመሸጥ መፍቀድ አይደለም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አስቀድመው ከሰጡት ሥራውን ትቶ ለካሜራ ይቀመጥልዎታል። አዝማሪውን እንደ ማንኛውም አድማጭ ዘፈኑ መሀል ይሸልሙት። ከዚያ ፎቶውን አሳጥበው በሳምንቱ ይውሰዱለት። ለአንድ የታፔላ ሠዓሊ የወሰድኩለትን የቀለም ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፎታል፤ አሁን ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር ደንበኞቹ ሲሠራ ያዩታል፣ ሌሎች የሙያ ባልደረቦቹም «እኛንስ መቼ ነው?» ብለው ራሳቸው ይጠሩኛል።