ፍሬን ሲያዝ ኢነርጂው ጠፋ፣ ባከነ ወይስ ተበተነ?

ጥያቄ፦ "አቦ አንድ ነገር ገላግለን። እዚህ ድሬዳዋ የአውቶ ሜካኒክ ሰልጣኞችን አስተምራለሁ። የማስተማሪያ ጽሑፌ ላይ 'ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ኢነርጂ ይጠፋል' ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ባልደረባዬ ኢነርጂ አይጠፋም፣ 'ይባክናል' በል አለኝ። ሌላው 'ይሰራጫል' ይሻላል ባይ ነው። የቱ ነው ትክክለኛው አማርኛ?"

መልስ፦ "ይገላግሉን" ብለህ ብትጽፍልኝ ኖሮ የድሬ ልጅ መሆንህን እጠራጠር ነበር። ወደ ነገሩ እንግባ።

የመጀመሪያው ባልደረባህ በፊዚክሱ ልክ ነው፣ በአማርኛው ግን ቸኩሏል። እኛ "ጠፋ" ስንል ሁሌ ከናካቴው አከተመ ማለታችን አይደለም። በግ ጠፋ ሲባል በጉ የሆነ ቦታ ሳር እየጋጠ ነው፤ ያላየነው እኛ ነን። "ምነው ጠፋህ?" ብለን የምንወቅሰው ሰውማ ፊታችን ቆሟል። እሳት ጠፋ፣ መብራት ጠፋ ሲባል ደግሞ በቃ፣ ነገሩ የለም። አንዱ ግስ ሁለቱንም ይሸከማል። በጨዋታ መሀል ችግር የለውም። ሰልጣኝ የሚያጠናው ወረቀት ላይ ግን ይቸግራል፤ ልጁ ሁለተኛውን ትርጉም ይዞ ፈተና ይገባል።

"ባከነ" ሌላ ጣጣ አለው፤ ወቀሳ አዝሏል። ጊዜ ባከነ፣ ውሃ ባከነ፣ ገንዘብ ባከነ የምንለው መዋል በነበረበት ሳይውል ሲቀር ነው። ብኩን ሰው፣ አባካኝ ሰው ሲባል ሙገሳ አይደለም። እስኪ ከደንገጎ ወደ ድሬ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና አስብ። ሹፌሩ ያንን ኢነርጂ ማራገፍ ይፈልጋል፤ ካላራገፈው ገደል ነው። ሆን ተብሎ፣ ነፍስ ለማዳን የተራገፈን ነገር እንዴት ባከነ እንላለን? ስለ ፍሬን ስትጽፍ ይህን ቃል እኔ አልመርጠውም።

መጠኑን ብታየው ደግሞ ቀላል አይደለም። ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና ከፍታው በ500 ሜትር ሲቀንስ የሚለቀው ኢነርጂ 98 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ 300 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ፣ ከ20 ዲግሪ ወደ 95 ዲግሪ ማሞቅ ይችላል። መኪናው ፍጥነቱን ሳይጨምር ከወረደ ይህ ሁሉ መሄጃ ይፈልጋል። ጥቂቱን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፣ ሹፌሩ ዝቅ ባለ ማርሽ ከያዘው ሞተሩም ድርሻውን ይወስዳል፣ የቀረው የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው፣ ሸራው የሚጫነው ብረት) ላይ ነው የሚወድቀው።

የእኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እናንተ ለአንድ ነገር አንድ ግስ ትፈልጋላችሁ፤ የሚሆነው ግን ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ሸራው ታምቡሩን ሲፈትግ የእንቅስቃሴው ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቀጥሎ ያ ሙቀት ከታምቡሩ ወደ አየሩ ይወጣል። ለመጀመሪያው "ተለወጠ" አለልህ፣ ለሁለተኛው "ተበተነ"። ፍሬን ግሎ አልይዝ ሲል የሚደናቀፈው ሁለተኛው ነው፦ ሙቀቱ በሚፈጠርበት ፍጥነት አልተበተነም፣ ስለዚህ ተጠራቀመ፣ ሸራው የመያዝ አቅሙን አጣ፣ በዘይት በሚሠራ ፍሬን ላይ ደግሞ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። "ጠፋ" ብለህ ከጻፍክ ይህን ለሰልጣኝ የምታስረዳበት ቃል አይኖርህም። የጠፋ ነገር እንዴት ይጠራቀማል?

"ተበተነ"ን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ማሽላ ከጆንያ ሲበተን እህሉ አንዲት ፍሬ አልጎደለም፤ መልሶ መልቀም ነው የማይሞከረው። ዊሊያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሳይንቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1852 ባወጣው ጽሑፍ የተናገረው ይህንኑ ነው፦ ኢነርጂው ከዓለም አይጎድልም፣ ግን ሰው መልሶ ለሥራ ሊያውለው ከማይችልበት ሁኔታ ላይ ይደርሳል። አየር ውስጥ የገባውን የታምቡር ሙቀት ሰብስቦ መኪናውን ወደ ደንገጎ የሚመልስ የለም።

"ይሰራጫል" ያለው ባልደረባህን በአንድ ነገር ብቻ ነው የምቃወመው። ቃሉ ተይዟል። "የኃይል ስርጭት" ሲባል ሰው የሚያስበው ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ነው፤ ማለትም ኃይል ለሚፈልገው ሰው መድረሱን። ሰልጣኙ ያምታታዋል።

"ባከነ"ን ግን ጨርሶ አትጣለው። ቦታው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ሞቆ የሚወጣው ሙቀት ማንም ያልፈለገው ስለሆነ "የኃይል ብክነት" ልክክ ይላል፣ ሕዝቡም እንደዚያው ነው የሚለው። ጀምስ ጁል የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው ይህ ሙቀት ከኮረንቲው ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ኮረንቲው በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ሩብ ብቻ ይሆናል። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው መስመር 230 ሺህ ቮልት የሆነው ለዚህ ነው፤ ቮልቱ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል ለመላክ የሚያስፈልገው ኮረንቲ ያንሳል።

ስለ ሞላና ሾክ አብዞርበር ስትጽፍ ደግሞ ሌላ ግስ ያስፈልግሃል። መኪናው ጉድጓድ ረግጦ ሲወዛወዝ ውዝዋዜው "ይረግባል" በል። ነፋስ ይረግባል፣ ቁጣ ይረግባል፤ ቀስ በቀስ መቀነስን ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ግስ አላውቅም። ኢነርጂው ግን አይረግብም። ውዝዋዜው ረገበ፣ ኢነርጂው ወደ ሙቀት ተለውጦ ተበተነ። ባለቤቱን ብቻ አታምታታ።

አረፍተ ነገርህን እንዲህ አድርገው፦ "ፍሬን ሲያዝ የመኪናው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በፍትጊያ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ወደ አየር ይበተናል።" ለርዕስ "የኢነርጂ ብተና" ሰልፍ የሚበተን ያስመስለዋል፣ ተወው። "የኢነርጂ መበተን" ይበቃል። ፈተና ላይ "ኢነርጂው በሙቀት መልክ ጠፋ" ብሎ የጻፈ ሰልጣኝ ካለ ግን፣ በሙቀት መልክ ማለቱ ወዴት እንደሄደ ማወቁን ያሳያልና አቦ ማርኩን ስጠው።